ኳስ የማይወድ ዳኛ

እኔ ኳስ አልወድም። በአገራችን ይህን መናገር እንጀራ አልወድም እንደማለት ነው። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «የምርህን ነው?» ይላል፣ በመጨረሻ ያዝንልሃል። ሃያ ሁለት ሰው አንዲት ኳስ ሲያሳድድ ሻይ ቤት ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ እኔ የሚታየኝ አፉን የከፈተው ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት ሻይ የምጠጣበት ወንበር አጥቼ ስንቴ ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት አንባቢዬ እንዲያውቅብኝ ብዬ ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ሰው የማይወደውን የሥራ ዓይነት መተቸት ይገባዋል ወይ? የፍቅር ልብ ወለድ የሚያንገሸግሸው ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ይተች? አዝማሪ ቤት የማይጥመው ስለ አዝማሪ ይጻፍ? ኳስ የማይወድስ፣ ልጆች በፕሌይስቴሽን በሚጫወቱት የኳስ ጌም ላይ ይፍረድ?

እኔ ፈርጃለሁ። ያውም ሳላየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለለቅሶ ደብረ ወርቅ ሄጄ ነበር። ዓባይን ተሻግረው፣ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ቢቸናን አልፈው በሞጣው መንገድ የሚያገኟት ከተማ ናት። ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት እየተባለ የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል ያለችበት የደብረ ወርቅ ማርያም አገር። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ታዲያ ለቅሶው አልቆ ልመለስ ስል እህቴ «የወላጆች ስብሰባ አለ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ። የፈተና ሰሞን ነው። ሄድኩ።

አጀንዳው አንድ ነበር፤ አንድ ወጣት የከፈተው የፕሌይስቴሽን ቤት። ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ ወደዚያ ነው የሚገቡት፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ ሳይማር ነው የሚገባው። ወላጆች አንድ በአንድ ብሶታቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው በመሐል «ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ እንግዳ አለን፤ የሚለን ካለ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። የሚለው የማያጣ ሰው ላይ ነው የዞሩት! ተነሣሁ። ሩብ ሰዓት ተናገርኩ። ጌም ልጅን ብቸኛ ያደርጋል አልኩ። ጠብ ያስተምራል አልኩ። ትምህርት ያስረሳል አልኩ። ከውጭ አገር ያነበብኩትን ጨማመርኩበት። ተጨበጨበልኝ። አንዲት እናት መጥተው እጄን ሳሙኝ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ እንዲዘጋ ተነገረው፤ ተዘጋም።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስንመለስ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ከኋላ ኋላ እየተከተለ ዝም ብሎ ቆየና፣

«ጋሼ፣ ቤቱ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ገደል መሆኑን ለማወቅ ዘሎ መግባት አያስፈልግም።»

«እሱማ ገደል ስለሆነ ነው። ይሄኮ በር ያለው ቤት ነው።»

እህቴ ተቆጣችው። እኔም በአዋቂ ደንብ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የለቅሶው ነገር አልነበረም።

በነጋታው አንድ የማውቃቸው የቅኔ መምህር ዘንድ ለሰላምታ ሄድኩ። በልጅነቴ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ አሁን አርጅተዋል፣ ጉባኤያቸው ግን አልተፈታም። ቅኔ ቤት ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ተማሪው ቀን ላይ በየዛፉ ጥላ፣ በየጥሻው ብቻውን ተበታትኖ ሲቆጥር ይውላል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይታገላል፤ የበረታው ስምንት ቤት ባለው መወድስ ላይ ደርሷል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ መምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ይሰማሉ፣ የጎበጠውን ያቀናሉ፣ የተሳካለትን «ይበል!» ይላሉ። አንዱን ልጅ ሰምቶ ሌላውን ማለፍ የለም። እንግዲህ ይህ ሥራ በየቀኑ ሒስ መስጠት ነው፤ እኛ ጋዜጣ ላይ በሳምንት አንዴ የምንሠራውን እሳቸው በቀን ሃያ ጊዜ ነው የሚሠሩት።

«የኔታ፣ ለእርስዎ የማይጥም ዓይነት ቅኔ የለም?» አልኳቸው።

«ሞልቶ!» አሉ፣ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ። «ቃሉ ተኳኩሎ፣ ምሥጢሩ የሳሳ ቅኔ እንደ ሬት ነው የሚመረኝ።»

«ተማሪው ያንን ይዞ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«እሰማለሁ እንጂ ምንሳ ላድርግ? ሰሙ ከወርቁ ገጥሟል? ቤቱን መትቷል? ከዜማው ይገባል? ከሆነለት ይበል እላለሁ።»

«ሳይወዱት?»

«የኔ መውደድ ለተማሪው ምን ያደርግለታል ልጄ? ደግሞ አልደብቀውም። ‹ለእኔ አልጣመኝም፤ በመንገድህ ግን ደርሰሃል› እለዋለሁ። ያውቀዋል።» ትንሽ አሰብ አደረጉና ቀጠሉ። «የዋሸራውን የጎንጅ ሰው ይነቅፈዋል። የጎንጁን የዋሸራ ሰው ይነቅፈዋል። የዋድላውን ሁለቱም ይነቅፉታል፣ እሱም አይምራቸው። ነቀፋ ነውር የለበትም። ግን የሚነቅፈው ሰምቶ ነው፤ ያውም በዚያው መንገድ ልመልስ ቢል የሚመልስ።»

ስለ ፕሌይስቴሽን አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።

የደብረ ወርቁ ቤት በእኔ ንግግር ስለተዘጋ፣ ደብረ ማርቆስ ጉዳይ ነበረኝና የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። «መጻሕፍት ልገዛለት ነው» አልኳት እናቱን። መጻሕፍትም ገዛሁለት። ሦስት ቀን ግን የዋልነው ሌላ ቦታ ነው።

ቤቱ የቆርቆሮ በር ያላት፣ ፀሐይ እንዳይገባ ጥቁር መጋረጃ የተጋረደባት፣ ቆሎና ላብ የምትሸት አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ካርቶን ላይ «1 ጨዋታ 2 ብር» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ የዱቤ ደብተር ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጌሙ አንድ ብቻ ነው፤ ኳስ። ልጆቹ «ፔስ» ይሉታል፤ የቆዩቱ «ዊኒንግ» ይሉታል፣ በጃፓን ስሙ «ዊኒንግ ኢለቨን» ስለነበረ።

ስብሰባው ላይ ብቸኛ ያደርጋል ብዬ ነበር። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ አሥራ አምስት ልጆች ያያሉ። ያዩታል ስል እንደ ፊልም አይደለም። ያዝዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ ጎል ሲገባ ይተቃቀፋሉ። ከማሽኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያወራ አንድ ተንታኝ አለ፤ ልጆቹ ትርጉሙን ሳያውቁት ቃል በቃል ይዘውታል፣ ንባብ እንደያዘ ተማሪ ከእሱ ቀድመው ይወጡታል። እንዲህ ያለ ጉባኤ ውስጥ ብቸኛ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጠብ ያስተምራል ብዬም ነበር። ከጠብ በቀር ሁሉንም አየሁ፤ ጆይስቲኩ ባይሠራ ሰበብ ማብዛት፣ ተራ መዝለል፣ ውሸት፣ ጉራ። ደም ግን አልነበረም። በሌላ ከተማ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ሲጫወቱ አይቼ ነበር፤ መኪና ቀምቶ፣ ሰው ገጭቶ፣ ተኩሶ። ስብሰባው ላይ በአእምሮዬ የነበረው ያ ነው። የአንዱን ኃጢአት ለሌላው አሸከምኩት። ስለ ሳን አንድሪያስ ዛሬም አልጽፍም። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታገሥኩትም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ቡድን ሲመርጥ «እኔ ኖርዝ ለንደን» አለ። እንዲህ የሚባል ክለብ አለ እንዴ? ብዬ ጠየቅሁ፣ ምንም ኳስ ባላውቅ። ሳቁብኝ። «አርሰናል ነዋ ጋሼ!» ቸልሲ ደግሞ «ለንደን ኤፍ ሲ» ነው። ነገሩ የንግድ ነው። የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ ስም የመጠቀም መብት ያኔ የፊፋ ጌም ሠሪ የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ይዞት ነበር፤ የጃፓኑ ኮናሚ ከአንድ ክለብ ጋር ለብቻው ካልተዋዋለ በቀር ስሙንም ማሊያውንም መጠቀም አይችልም ነበር። ስለዚህ የተዋዋሉት በስማቸው ገቡ፤ ያልተዋዋሉት ስማቸው ተሸፍኖ ገቡ። ልጆቹ የፈቃድ ውል የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ግን ላይ ላዩን «ኖርዝ ለንደን» ሲል ውስጡ አርሰናል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አንባቢዬ፣ ይህ ምንድን ነው? የጃፓን ነጋዴዎች ሳያውቁት ሰምና ወርቅ ዘረፉ፤ ተማሪ ቤት ያልገባ የደብረ ማርቆስ ልጅም ወርቁን ለየው። ለየኔታ ብነግራቸው «ይበል» ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ወይም ጭራቸውን ይወረውሩብኝ ነበር።

ሦስት ቀን ተጫወትኩ። ሃያ አንድ ጨዋታ። ሃያውን ተሸነፍኩ፣ አንዱን ዜሮ ለዜሮ ወጣሁ። ኳስን ወደድኩት? አልወደድኩትም። አሁንም አልወድም። ጌሙ ራሱ ግን፣ በኳስ ጌምነቱ ስመዝነው፣ በደንብ የተሠራ ነገር ነው። ኳሷ ክብደት አላት። የደከመ ተጫዋች ይዘገያል። ተቻኩለህ ከመታህ ወደ ሰማይ ትሄዳለች። እኔ የተሸነፍኩት ጌሙ ስላታለለኝ አልነበረም፣ ስለማልችል ነው፤ ይህንን ለይቶ የሚያሳይ ጨዋታ ፍትሐዊ ነው። የሚያሰለች ጎኑም አለው፤ ጎል በገባ ቁጥር ያንኑ ጎል መልሶ መላልሶ የሚያሳየው ነገር ልጆቹን ስለሚያናድዳቸው በአንድ ጣት ይዘሉታል።

ትምህርት ያስረሳል ያልኩት ግን እውነት ነበር። እንዲያውም አሳንሼው ኖሯል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብተር የያዙ ልጆች ተቀምጠው አገኘሁ፤ ደብተሩን መቀመጫ አድርገውታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ያሸነፈ ጆይስቲኩን ይዞ ይቀጥላል፣ ቀጣዩ ተረኛ ይገባል። ለልጆቹ ይህ ከዳኝነት ሁሉ የበለጠ ዳኝነት ነው። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ነው። ሦስቱን ቀን ሙሉ ሲጫወት አራት ብር እንኳ አላወጣም። እኔ በሃያ ሽንፈት 40 ብር፣ በአቻው ግማሽ ከፍዬ 1 ብር፣ በድምሩ 41 ብር ከፈልኩ። ለእኔ ምንም አይደለም። ግን ከጎኔ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ገና ጣቱ ቁልፎቹን ያልለመደ። ሲገባ ይሸነፋል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል፣ ደብተር ላይ ይጻፍበታል። እንደ ዕድሜዬ ቆጠርኩት። የዚያ ቤት ወጪ በሙሉ የሚሸፈነው ገና በሚማሩትና በማይችሉት ነው። ጎበዞቹ በነጻ ይውላሉ። የማይችለው ደግሞ እንዳይተው ያፍራል፣ እንዲችል መጫወት አለበት፣ ሲጫወት ይከፍላል። ዱቤው የት ደርሶ፣ ከየት ተከፍሎ እንደሚዘጋ ባለቤቱን ጠየቅሁት። «ያመጣሉ» አለኝ። ከየት?

ይህን ማታ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። «አንተ ስለማትችል ነው ጋሼ። ብትችል አትከፍልም ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስለማልችል ነው ያየሁት። ጨዋታውን የሚወደው፣ የሚችለው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውለው ልጅ ያላየውን ነገር፣ ጨዋታው ያልጣመው፣ ያልቻለውና የከፈለው ሰው አየው። በኋላ፣ በ2010ዎቹ፣ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው እንደ እንጉዳይ ሲፈሉ ያ የዱቤ ደብተር ነው ትዝ ያለኝ። ሆኖም ልብ በሉ፣ ስብሰባው ላይ ይህን አልተናገርኩም። ልናገረው አልችልምም ነበር። ከበሩ ውጭ ቆሜ በተናገርኩት ሩብ ሰዓት ውስጥ ከሦስቱ ክሶቼ ሁለቱ ሐሰት ነበሩ፣ ዋናው ክስ ደግሞ ከነጭራሹ አልተነሣም።

በዚህ ጥፋት ብቻዬን አይደለሁም፤ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ወድቆበታል። ሮጀር ኤበርት የሚባል የአሜሪካ የፊልም ሐያሲ ነበር። በቺካጎ ሰን ታይምስ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 2013 ጽፏል፤ በ1975 በሒስ ፑሊትዘር ሲሸለም ከፊልም ሐያስያን የመጀመሪያው ነው። ሰውየው ፊልምን ከወገኑ ጋር አስተያይቶ የሚመዝን ነበር፤ የድብድብ ፊልም ከድብድብ ፊልም ጋር እንጂ ከከባድ ድራማ ጋር አይለካም ባይ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአፕሪል ወር ግን ተነሣና የቪዲዮ ጌም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ አንባቢዎች ጮኹበት። በጁላይ መልሶ ጻፈ። አቋሙን አልለወጠም፤ ነገር ግን ያላየሁትን ፊልም የማልተች ሰው ያልተጫወትኩትን ጌም አንሥቼ መናገር አልነበረብኝም ብሎ ጥፋቱን አመነ። እኔ ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው። ጌም አለመውደዱን ይዞ ቀረ፣ አለማየቱን ግን አልተከራከረበትም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለመውደድ መብት ነው። አለማየት ለሐያሲ መብት አይደለም።

«ካልወደድከው ተወው፤ የሚወዱት ይተቹት» የሚል ክርክር አለ። የእህቴ ልጅም የሚለው ይህንኑ ነው። ከፊል እውነት አለው። ብሩን ቆጥሮ «የትኛውን ልግዛ?» ለሚል ሰው፣ ያንን ዓይነት የሚወድ መካሪ ይሻለዋል፤ ዶሮ ወጥ የማይበላ ሰው ስለ ዶሮ ወጥ ምን ብሎ ይመክራል? (በእኛ አገር እንኳ ዲስኩ ኮፒ ስለሆነ ግዢው ያን ያህል አያማክርም።) ጃፓኖች ለዚህ መላ አላቸው። ፋሚትሱ የሚባለው መጽሔታቸው አንድን ጌም ለአራት ሰዎች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው ከአሥር ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከአርባ ይሆናል። የአንዱ ጥላቻ በሌላው ፍቅር ይቻቻላል ነው ነገሩ።

ሒስ ግን የግዢ ምክር ብቻ ከሆነ ሒስ መባሉም ያስቸግራል። እያንዳንዱ ዓይነት ለወዳጆቹ ብቻ ቢተው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጃፓን መሄድ የለብንም፣ አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ መገኘት ይበቃል። ደራሲው ከፊት፣ ወዳጆቹ ከጎን። «ዳሰሳ» የሚያቀርበው የደራሲው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው። ተነሥቶ ድንቅ ነው ይላል፣ ጥቂት የፊደል ግድፈቶች አሉ ይላል፣ ይቀመጣል። ዳሰሳ ሳይሆን ድባበሳ ነው። ደራሲው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ ያንኑ ስሕተት ይደግማል፣ እኛም ደግመን እናጨበጭባለን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የጎደለው አንድ የማይወድ፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ነው።

በተቃራኒው ያለውም ጉድ አይናቅም። በ1963 ዓ.ም. ሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት»ን ሲያሳትም፣ ቤት መምታትና ስንኝ መለካት የለመደው ጆሮ ተቆጣ። «ይሄ ግጥም አይደለም» ተባለ። እስቲ ይህን ፍርድ አስተውሉት። «ግጥም አይደለም» ያለ ሰው በሁለት ቃል ሥራውን ጨርሶ ተቀምጧል። ይኛው ግጥም ተሳክቷል፣ ያኛው ወድቋል፣ እዚህ ጋ ሐሳቡ ተሰብሯል የሚለው ሁሉ አይነገርም፤ ዓይነቱ ራሱ ከበር ተመልሷልና። እኔ በደብረ ወርቅ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። በሩን ነው የከሰስኩት።

ታዲያ በበሩ ከገባ በኋላስ? እራሴን ልፈትን። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመ «ቅኔ ጌምስ» የሚባል ድርጅት በ2010ዎቹ «ኩኩሉ» የሚል የስልክ ጌም አውጥቷል። (ስሙን ስሰማ የኔታ ትዝ አሉኝ።) ሯጭ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ቴምፕል ራን እና ሰብዌይ ሰርፈርስ ዓለምን ያስለመዱት፣ ማለቂያ የሌለው ሩጫ። አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን ወገን አልወድም። ሰው ተቀምጦ በአውራ ጣቱ እንዲሮጥ የሚያደርግ ነገር ያደክመኛል። ይሁንና በወገኑ ስመዝነው «ኩኩሉ» አንድ ትልቅ ነገር ተሳክቶለታል። በቴምፕል ራን ሰውየው ለምን እንደሚሸሽ ለማስረዳት ጭራቅ ማምጣት አስፈልጓል። በ«ኩኩሉ» የምትሸሸው ዶሮ ናት። ዶሮ ለምን ከሰው እንደምትሸሽ ለኢትዮጵያዊ ማን ያስረዳዋል? የበዓል ዋዜማ በገዛ ግቢው አሳድዶ ያላወቀ ማን አለ? ለሌላው ሰበብ የሆነው እዚህ ታሪክ ሆኗል።

ስሙ ግን ሌላም ያስታውሰኛል። ልጆች ድብብቆሽ ስንጫወት ዓይኑን የጨፈነው «ኩኩሉ!» ይላል፣ የተደበቅነው «አልነጋም!» እንላለን። ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ አልነጋም። በመጨረሻ ግን ይነጋል፤ ይነጋና ጨዋታው ይጀምራል፣ ጀምሮም ያልቃል፣ ሁሉም ወደ እናቱ ይሄዳል። የሯጭ ጌም አይነጋም። የሚቆመው ስትያዝ ብቻ ነው፤ ስትያዝም እንደገና ሩጥ ይልሃል። ይህ የ«ኩኩሉ» ጥፋት ነው? አይደለም፤ የወገኑ ጠባይ ነው። ስለዚህ ለ«ኩኩሉ» ይበል፤ ወገኑን ግን ዛሬም አልወደውም። የኔታ እንዳሉት ሁለቱንም ለየብቻ ተናገርኩ፤ አንባቢም የትኛው ከሥራው፣ የትኛው ከእኔ እንደመጣ ያውቃል። ሯጭ ጌም የሚወድ ልጅ ይህን ቢያነብ ጣዕሜን ጥሎ ሚዛኔን መውሰድ ይችላል። ያን ስብሰባ ላይ ለተቀመጡት እናቶች ግን ይህን ዕድል አልሰጠኋቸውም። ጣዕሜን ነው በሚዛን አድርጌ የሸጥኩላቸው፤ እጄንም ስመውበታል።

ቤቱ አልተከፈተም። ልጽፍበት አስቤ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ያየሁትን፣ የዱቤውን ነገር ጭምር፣ ቤቱ ከሚዘጋ ይልቅ በትምህርት ሰዓት እንዳይከፈትና የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ሕግ እንዲቀር። ግን ለመዝጋት የተጠራ ስብሰባ ለመክፈት አይጠራም። እኔም አዲስ አበባ ስገባ ሌላ ሌላ ጉዳይ ያዘኝ።

በ2006 ዓ.ም. ለተዝካር ስመለስ ስለ ወጣቱ ጠየቅሁ። ዕቃውን ሸጦ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ከወረደ ቆይቷል አሉኝ። የእህቴ ልጅ፣ ቁመቱ ከእኔ በልጦ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ ሻይ ቤት ወሰደኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን በአገጩ አሳየኝ። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ በፕላስተር ለጥፈውታል።

«የሱ ናት» አለ።

እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልን። ሻይ አዘዝኩና ከጎኔ ያለውን ልጅ ማንና ማን እንደሚጫወት ጠየቅሁት።